ጠብቆ ሲነበብ

የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ሁለተኛው በሚወርደው ደረጃ መታጠፊያ ላይ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ነች። ባልዲዋን ይዛ ስትወርድ በመጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። «ጋሼ፣ ምነው እዚህ ተቀመጡ?» አለች። ፊቱን ስታይ ባልዲው ከእጇ አመለጠና የሳሙናው ውሃ ደረጃውን ተከትሎ እስከ ታች ወረደ። ፖሊሶቹ ሲመጡ ደረጃው ገና እርጥብ ነበርና፣ አንዱ ቸኩሎ «አንሸራቶት ነው» ብሎ ጻፈ።

«ቆይማ» አለ መርማሪው።

ይህ ቃል ስሙ ሆኖ ከቀረ ቆይቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ «ጨረስን» ሲል እሱ «ቆይማ» ስለሚል፣ አለቆቹም ባልደረቦቹም «ቆይማ» ነው የሚሉት። ሚስቱ እንኳን ስትናደድ በዚሁ ነው የምትጠራው። አጭር ነው፤ ከመራመዱ በፊት የሚያስብ፣ ካሰበ በኋላም የማይሮጥ ሰው ነው።

«ውሃው የፈሰሰው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው። ሱሪው ከሥር ደረቅ ነው፣ እየው» አለው ፖሊሱን። «ደግሞ ተንሸራቶ የወደቀ ሰው በጀርባው ነው የሚሄደው። ይሄ በግንባሩ ነው የወረደው።»

ሟቹ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ እንደተንጠለጠለ የቀረ ሰው ነበር። በምክር ቤቱ «ጆሮ» ነው የሚሉት። ሥራው የስብሰባ የድምፅ ቅጂ እያዳመጠ ቃል በቃል መጻፍ ነው፤ ማን አስነጠሰ፣ ማን በሹክሹክታ ተሳደበ፣ ምንም አያመልጠውም። ቆይማ የሸሚዝ ኪሱን ዳሰሰና አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አገኘ። በእስክሪብቶ አንድ መስመር ተጽፎባታል፦

ሹፌሩ ሐሙስ ይመታል።

ከመጨረሻው ቃል በላይ ሁለት ትናንሽ ነጠብጣቦች አሉ፤ ዝንብ ያረፈችበት ይመስላል። ቆይማ ወረቀቷን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ሊያያት ሲል ከበስተኋላው አንድ እጅ መጥቶ ወሰዳት።

የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ጥበቃ ኃላፊ ነው። ረጅም፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ትንሹንም ትልቁንም «ወንድሜ» የሚል ሰው። ወረቀቷን ሁለቴ በዓይኑ አነበበ። ከዚያ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።

«ይሄ የአገር ጉዳይ ነው፣ ወንድሜ። ቅጂውን በአንድ ሰዓት ውስጥ እልክልሃለሁ።»

«የማስረጃ መዝገብ ውስጥ መግባት ያለበት...»

«ሐሙስ ምን እንዳለ ታውቃለህ» አለና ሄደ።

ሐሙስ ምን እንዳለ የማያውቅ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጦርነቱን የሚያበቃውን የእርቅ ስምምነት ይፈርማሉ። ከሦስት ወር በፊት ሰባት አባላት ከምክር ቤቱ ወጥተው «ይቺ ፊርማ አትፈረምም» ብለው ምለዋል። ጋዜጣውም ሰዉም «አፈንጋጮቹ» ይላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚውለው።

* * *

ቆይማ ቢሮው ሲደርስ የተተየበው ቅጂም ደርሷል፣ የሊቀመንበሩ ሹፌርም ታስሯል።

«አለቀ!» አለ አለቃው ኮማንደሩ፣ እጆቹን እያፋተገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ወንበሩን የሚነጥቁት ይመስለዋል። ቅጂውን አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበው። «ሹፌሩ ሐሙስ ይመታል! ለአፈንጋጮቹ አድሮ ሊቀመንበሩን ሊመታ ነበር። ጆሮ ሲደርስበት ገፈተረው። የጥበቃ ኃላፊው ወዲያው ያዘልን፣ እግዚአብሔር ይስጠው!»

«ቆይማ፣ ጌታዬ...»

«ምንም ቆይማ የለም! ለሕዝብ ግን አዳልጦት ወደቀ ነው የምንለው። ከፊርማው በፊት ሽብር አልፈልግም። እስከ ነገ ማታ የሹፌሩን ቃል ተቀብለህ መዝገቡን ትዘጋለህ።»

ቆይማ ቅጂውን ተቀበለ። ያው ሦስት ቃል ነው። ሆኖም የሆነ ነገር ጎድሎበታል፤ ምን እንደሆነ ግን ሊይዘው አልቻለም።

* * *

ሹፌሩ ረቡዕ ጠዋት ከቆይማ ፊት ሲቀመጥ ዓይኑ ቀልቷል። ሃያ ዓመት የነዳ፣ አንዲት ጭረት በስሙ የሌለች ሰው ነው።

«ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ከጆሮ ጋር ተጣልታችኋል።»

«ዳማ ስንጫወት ነዋ! አንዲት ጠጠር ሰረቀኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እንደተጣላን ነው። ‹አንተ ሌባ› እለዋለሁ፣ ‹አንተ ዕውር› ይለኛል፣ ከዚያ ሻይ እንጠጣለን። ጓደኛዬ ነው እኮ።»

«ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ተኩል ከመኪናው ጠፍተሃል። የት ነበርክ?»

ሹፌሩ የቀላ ዓይኑን አሸ።

ቆይማ የተተየበውን ወረቀት አቀበለው። ሹፌሩ ክንዱን ሙሉ ዘረጋና ዓይኑን አጠበበ። «ሹፌሩ... ሐሙስ... ይመታል። ማንን ነው የምመታው? እኔ ዶሮ እንኳን ገጭቼ አላውቅም! ሰው ላይ እጄን አንስቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«እሱማ ብዙም አልቀረው» አለ ቆይማ። «ክንድህ ትንሽ ቢረዝም ወረቀቱን ኮሪደሩ ላይ ነበር የምታነበው። የት ሐኪም ጋ ነው የሄድከው?»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ።

«እባክዎ፣ ኢንስፔክተር። ዓይኑ የደከመ ሹፌር ነው ከተባለ በቃ፣ በማግስቱ ያባርሩኛል። ሦስት ልጆች አሉኝ። መነጽሩ ለሰኞ ይደርሳል ብለውኛል፤ ደግሞ የቅርቡ ነው እንጂ ሩቁን አጥርቼ ነው የማየው።»

ቆይማ ስልክ ደወለ። የዓይን ሐኪም ቤቱ ተራ አስጠባቂ ነገሩን በደንብ ታስታውሰዋለች፤ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ተቀምጦ «ቶሎ በሉኝ» እያለ ሲያስቸግራት እስከ አሥር ከሩብ ቆይቷል። ሟቹን ደግሞ ሰዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሕይወት አይተውታል።

ኮማንደሩ ግን ይህን ሲሰማ ፊቱን አዞረ። «መልካም፤ ነገ ከፊርማው በኋላ እንፈታዋለን። አንድ ቀን ቢታሰር አይሞትም።»

«ታዲያ ነገ ሊቀመንበሩን ማን ነው የሚነዳው?»

«የጥበቃ ኃላፊው የራሱን ሰው መድቧል። ምን አስጨነቀህ?»

ምን እንዳስጨነቀው ቆይማ ራሱም ገና አላወቀም። መዝገቡን ግን ሳይዘጋ ወደ ምክር ቤቱ ሄደ።

* * *

የጽዳት ሠራተኛዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት እየወለወለች ነበር። ትናንት ያለቀሰችው ዛሬም ፊቷ ላይ አለ።

«ዘጠኝ ከሩብ ገደማ ነው፣ ኮሪደሩን እየጠረግሁ በጋሼ በር አለፍኩ። ሰው መጥቶባቸው ነበር። በሩ ሲዘጋ ‹ይግቡ፣ ይቀመጡ› ሲሉ ሰማሁ።»

«ይቀመጡ ነው ያለው? ተቀመጥ አይደለም?»

«ይቀመጡ! ደግሞ በትሕትና።»

«እንግዳው ሹፌሩ ሊሆን ይችላል?»

እንባዋን ይዛ ሳቀች። «ኧረ እርስዎ ደግሞ! ሹፌሩንማ ‹ና ግባ አንተ ዕውር› ነው የሚሉት።»

የስልክ ማዞሪያዋ ሴትዮ ደግሞ ደብተሯን ገለጠችለት። ዘጠኝ ሰዓት ካምስት ላይ ጆሮ የጥበቃ ኃላፊውን መስመር አገናኚኝ ብሏታል። ሁለት ደቂቃ ተነጋግረዋል። የጥበቃ ኃላፊው ግን ትናንት ደረጃው ላይ ቆሞ «ይህን ሰው በመልክ እንጂ አላውቀውም፤ ከሰዓቱን በሙሉ አዳራሽ ነበርኩ» ብሎ ነበር። ቆይማ ወደ አዳራሹ ወረደ። ሃያ ጠባቂዎች አለቃቸውን ዘጠኝ ሰዓት ላይም አሥር ሰዓት ላይም አይተውታል። በመካከሉስ? ማንም አላየውም። በመካከሉ የአዳራሹን መብራት ሲሞክሩ ሩብ ሰዓት ያህል ጨለማ ነበር።

ቆይማ ተመልሶ የጆሮን ክፍል ከፈተ። ጠባብ ክፍል ነች፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መቅጃ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ወንበር። የመቅጃው ካርድ ከቦታው የለም። ግድግዳው ላይ ሟቹ በእጁ የጻፈው ካርቶን ተሰቅሏል፦ «የተሰማ ሁሉ ይጻፋል»። ቆይማ ሊወጣ ዞር አለና እግሩ በሩ ላይ ቆመ። በፊደሎቹ ላይ፣ እዚህም እዚያም፣ ያ የዝንብ ነጠብጣብ አለ።

ከቅጂው የጎደለው እሱ ነበር።

* * *

የጆሮ ልጅ ልብስ ሰፊ ነች። ማምሻውን ቤቷ ሲደርስ ሳሎኑ በዘመድ ተሞልቶ ስለነበር ወደ ወጥ ቤት ወሰደችው። የማቀዝቀዣው በር በአባቷ ማስታወሻ ተሸፍኗል፦ ቁልፉ ጎረቤት ነው፣ ዳቦ አለ፣ መድኃኒትሽን እንዳትረሺ። በሁሉም ላይ ነጠብጣብ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ቆይማ፣ በጣቱ እያሳየ።

ልጅቱ አየችውና ሳቋም ልቅሶዋም ባንድ ላይ መጣ።

«የዶሮው ነገር ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የምወደው አውራ ዶሮ ታሞብኝ ነበር። ሁለት ቀን እህል አልነካም። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ወረቀት ትቶልኛል፤ ‹ዶሮው ይበላል› ይላል። አባዬ አላልቶ ነው የጻፈው፤ ተሽሎታል፣ መብላት ጀምሯል ማለቱ ነው። እኔ አጥብቄ አነበብኩት!»

«ሊታረድ ነው ብለሽ።»

«ሊበሉት ነው ብዬ! ዶሮዬን አቅፌ ጎረቤት አልጋ ሥር ተደበቅሁ። አባዬ እስኪመሽ ሲፈልገኝ ዋለ። ያን ቀን ማለልኝ፤ ‹ከእንግዲህ ጠብቆ የሚነበብ ፊደል ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ነጥብ ከሌለ ላላ ነው፣ አትፍሪ› አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልረሳም።»

ቆይማ ከማስታወሻ ደብተሩ ቅጠል ገነጠለ። ትናንት ደረጃው ላይ ያያትን መስመር ጻፈ፤ ነጥቦቹንም ባያቸው ቦታ አስቀመጠ፦ አንዱን መ ላይ፣ አንዱን ታ ላይ።

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«ሹፌሩ ሐሙስ ይመታል» አለች፣ ሁለቱን ፊደሎች በጥርሷ እንደያዘቻቸው አጥብቃ። ከዚያ ቀና አለች። «ሹፌሩ ምን አደረጉ? ማን ነው የሚመታቸው?»

ቆይማ ግድግዳውን ተደገፈ። ሹፌሩ መቺ አይደለም፤ ተመቺ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሹፌሩን ከመንገድ ሊያነሱት፣ በቦታው የራሳቸውን ሰው ሊያስቀምጡ ነበር። አሁን ግን መምታትም አላስፈለገም። ፖሊስ ራሱ አስሮ አነሳላቸው። ነጥብ አልባው ቅጂ ይህን ሁሉ ሠራ፤ ቅጂውን ደግሞ የላከው አንድ ሰው ነው።

«አባቴ ወድቆ ነው ይላሉ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ወድቆ ነው?»

«አይደለም። ሰምቶ ነው» አላት።

* * *

«በሁለት የዝንብ ነጠብጣብ ባለሥልጣን አላስርም!» አለ ኮማንደሩ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። «ነጥቦቹንስ ካንተ ሌላ ማን አያቸው? ዋናው ወረቀት የታለ?»

«እስካሁን አመድ ሆኗል። የሚጠየቅ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ፣ ጌታዬ። እርስዎ አብረውኝ ገብተው ይስሙ። ካልመሰለዎት ማዕረጌን ይውሰዱ።»

ኮማንደሩ ሰዓቱን አየ፣ ኮፍያውን አየ፣ ተነሳ። ሊቀመንበሩን የሚወስደው መኪና ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል።

የጥበቃ ኃላፊውን ከመስተዋት ፊት ከረባቱን እያሰረ፣ በትከሻው ስልክ ይዞ እያናገረ አገኙት። «አሥር ደቂቃ አለኝ፣ ወንድሜ።»

«ግማሹ ይበቃኛል» አለ ቆይማ። «የመዝገብ ሥርዓት ነው። ማስረጃ የተረከበ ሰው ይዘቱን ጮክ ብሎ አንብቦ ያረጋግጣል። ሁላችንም አንብበናል፤ እርስዎ ብቻ ቀሩ።»

እውነቱን ነበር። ኮማንደሩ አንብቦታል፣ ሹፌሩ አንብቦታል፣ ትናንት ማታ ቆይማ በጣቢያው ያገኘውን ሁሉ፣ ከመዝገብ ቤት እስከ በር ጠባቂ፣ አስነብቧል። ሹፌሩ መታሰሩን የሰማ ሰው ሁሉ ያለ ምንም ጥርጥር አላልቶ ነው ያነበበው። የጥበቃ ኃላፊው ብቻ ወረቀቱን ላከ እንጂ አንዴም ከአፉ አላወጣውም።

ኃላፊው ወረቀቱን በአንድ እጁ ተቀበለ። በሌላው እጁ ከረባቱን እንደያዘ በጥድፊያ አነበበ። «ማክሰኞ። ከሟች ሸሚዝ ኪስ የተገኘ። ‹ሹፌሩ ሐሙስ ይመታል›። ፊርማዬ የት ጋ ነው?»

መስኮቱ ጋ የቆመው ኮማንደር ዞረ።

«እስቲ እንደገና ያንብቡት» አለ ቆይማ።

«ሹፌሩ ሐሙስ ይመታል።»

«አሁን አላልተው አነበቡት። ቅድም ግን አጥብቀውት ነበር።»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«ወረቀቱ ላይ ነጥብ የለም። ነጥቡን ራስዎ ነዎት ያስቀሩት። ሃያ ሦስት ሰው ይህን ወረቀት አንብቧል፤ ሃያ ሦስቱም ‹ሹፌሩ መቺ ነው› ብሎ ነው ያነበበው። ሹፌሩ ተመቺ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያጠብቀው። እርስዎ ከወረቀቱ አላነበቡም። መጀመሪያ ከራስዎ አፍ እንደወጣው ነው የደገሙት።»

ኃላፊው ሊስቅ ሞከረና ኮማንደሩን አየ። ኮማንደሩ የሚፈራ ሰው ነው፤ ጆሮው ግን ደኅና ነው። ስልኩን ከጠረጴዛው አነሳ። «በር ላይ ያላችሁ፣ የሊቀመንበሩ መኪና እንዳይንቀሳቀስ። ሹፌሩን አውርዱት። አዎ፣ አሁን!»

ተተኪው ሹፌር ከመኪናው ሲወርድ ሁለተኛ ስልክ ካልሲው ውስጥ ተገኘ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ሁሉን ዘረገፈው። በዋናው መንገድ ፈንታ በመጋዘኖቹ በኩል ሊታጠፍ፣ እዚያ ሦስት ታጣቂዎች ሊጠብቁት ነበር። አፈንጋጮቹ ለጥበቃ ኃላፊው የደኅንነት ሚኒስትርነት ቃል ገብተውለታል። ኃላፊው በስብሰባ እረፍት ላይ በስልክ ሲያንሾካሹክ፣ አጠገቡ የነበረው ማይክሮፎን አልጠፋም ነበር። ጆሮ ሹክሹክታውን ሰማ። ሹክሹክታ የማን እንደሆነ አይለይምና፣ ደግ አስቦ፣ ለሚመለከተው ክፍል ደወለ። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ራሱ ኃላፊው ነበር፤ መጥቶ ካርዱን ወሰደና ጆሮን ደረጃው ላይ ገፈተረው።

«ይጠብቃል የተባለው ሰው አጠበቀው» አለ ቆይማ ሲወጡ። ኮማንደሩ አልሳቀም።

* * *

ስምምነቱ በሰዓቱ ተፈረመ። የድሮው ሹፌር ከእስር ወጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሊቀመንበሩን በሩቅ ዓይኑ በሰላም አደረሰ። የማታው ዜና ግን ስለ ፊርማው ሃያ ደቂቃ አውርቶ ሲያበቃ «የምክር ቤቱ የጥበቃ ኃላፊ በጤና ምክንያት ሥራቸውን ለቀዋል። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጸሐፊ በደረጃ አደጋ አርፏል» አለ። በቃ።

ቆይማ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ቁጭ አለ። ተናዶ ነበር፤ ሚስቱ እራት አቅርባ ሁለቴ ጠርታው አልሰማትም።

«የአገር ሰላም ነው» አለው ኮማንደሩ በማግስቱ። «የቀብሩን ወጪ ምክር ቤቱ ይችላል። ሰኞ የጸጥታ ኮሚቴው ሊያመሰግንህ ጠርቶሃል። ገብተህ ‹አመሰግናለሁ› ብቻ በልና ውጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ነህ፤ ራስህን አታስበላ።»

ሰኞ ኮሚቴው በሞላላው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። በየሰው ፊት አንድ አንድ ማይክሮፎን። በጠረጴዛው ጫፍ አዲሷ ጸሐፊ፣ የጆሮን የጆሮ ማዳመጫ አጥልቃ። ሰብሳቢው አጭር ምስጋና አነበበና ወረቀቱን አጠፈ። ሰዎቹ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

«ቆዩማ» አለ ቆይማ።

የፊቱን ማይክሮፎን ተጫነ። ቀይዋ መብራት በራች። ከዚያ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ሁሉ፣ ማን ማንን እንደገፈተረ፣ ማን ነጥቡን እንዳስቀረ፣ ማን «አዳልጦት ነው በሉ» እንዳለ፣ የራሱን አለቃ ሳይዘል፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገረ።

ሰብሳቢው ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ... ይሄ ከቃለ ጉባኤው ይውጣ!»

አዲሷ ጸሐፊ ቀና አላለችም። ጣቶቿ መተየባቸውን ቀጠሉ።

«የተሰማ ሁሉ ይጻፋል፣ ክቡር ሰብሳቢ» አለች።

* * *

ማምሻውን ቆይማ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲሄድ ሹፌሩ አዲሱን መነጽሩን አድርጎ ወጥ ቤት ተቀምጦ ነበር። የዳማ ሰሌዳውን አምጥቶላታል። «አንዲት ጠጠር ጎድላለች» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ሌባው ይዟት ሄዷል።»

ቆይማ የሆነውን ነገራት። ልጅቱ እጆቿን በጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ሰማችው።

«ተጽፏል አሉኝ እንጂ፣ ወረቀትማ ምኑ ይታመናል? መሳቢያ ይበላዋል» አለች። «ማን ሊያነበው?»

ማን እንደሚያነበው ቆይማ በእርግጥ አያውቅም፤ ምናልባት ነገ ጋዜጠኛ፣ ምናልባት ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው። ቃል መስጠት የማይወድ ሰው ነው። እስክሪብቶውን አወጣና በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጽፎ ሰጣት፦

ይሰማል

ልጅቱ አየችው። «አባዬን ነው? አዎ፣ ይሰማል። ሁሉንም ነበር የሚሰማው» አለች፣ አላልታ።

ከዚያ ቃሉን እንደገና አነበበችው። እጇን ዘርግታ እስክሪብቶውን ከቆይማ ተቀበለች። አንድ ነጥብ ሰ ላይ፣ አንድ ነጥብ ማ ላይ አደረገች፣ ተነስታም ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከአባቷ ማስታወሻዎች መካከል ለጠፈችው።